የጡንቻ ባዮፕሲን ለመጣል የቀረቡት ምክንያቶች ውሃ አያነሱም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። ስለ ማዮሳይቲስ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ጡንቻ ሲያጠቃ ስለሚመጣው የጡንቻ ብግነት። ጸሐፊው የአጎታቸውን ታሪክ ይነግሩናል። አጎትየው ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። ከወንበር መነሳት ከበዳቸው። ደረጃ ላይ ጉልበታቸው እየከዳቸው ወደቁ። ቁልፍና ብርጭቆ ከእጃቸው ማምለጥ ጀመረ። ከጭናቸው ጡንቻ ትንሽ ቁራጭ ለናሙና ተወሰደ፤ ባዮፕሲ የሚባለው ይሄ ነው። ውጤቱ ብግነት እንዳለ፣ ያልተለመዱ ነገሮችም እንደታዩ ገልጾ፣ ከሕመሙ ሁኔታ ጋር ይገናዘብ ይላል። ቤተሰቡ ግራ ተጋባ።

ብስጭታቸው ይገባኛል። ሥጋ አስቆርጦ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቤት መመለስ ያበሽቃል። ግን ጸሐፊው በብስጭታቸው ላይ ቆመው ለሁላችንም ምክር ሰጡ። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የደም ምርመራ ስላለ የጡንቻ ባዮፕሲ ጊዜው አልፎበታል። ናሙናው ላይ ነጭ የደም ሴል ከታየ በቀጥታ ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነትን የሚያበርደው መድኃኒት፣ ይጀመር። ካልታየ ማዮሳይቲስ አይደለም። «ያልተለመደ» ተብሎ ከተጻፈ ላቦራቶሪው ናሙናውን አበላሽቶታል። ስለዚህ ሁለተኛ አትቆረጡ።

እኔ የጡንቻ ናሙና ተቀብዬ፣ አቀዝቅዤ፣ ቆርጬና አቅልሜ ለፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚያነብ ሐኪም፣ የማቀርብ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ሙያውን ለመከላከል ነው የጻፈው ብትሉኝ አልቀየምም። ግን ነጥብ በነጥብ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የደም ምርመራ ይበቃል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው በግማሽ ልክ ናቸው። የአንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ምርመራ ብዙ ነገር ቀይሯል። ዴርማቶማዮሳይቲስ የሚባለውን ውሰዱ። የዓይን ቆብ ላይ ሐምራዊ ቀለም አለ። የጣት አንጓዎች ላይ ሻካራ ሽፍታ አለ። ጭንና ትከሻ ደክሟል። በደሙ ውስጥም የዚህ በሽታ አንቲቦዲ ተገኝቷል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሐኪሞች ጡንቻ ሳያስቆርጡ ሕክምና ይጀምራሉ፤ ትክክልም ናቸው። በነገራችን ላይ የሕክምና መጻሕፍት ላይ ያሉት የሽፍታ ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። እኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይጎላም። ጠቆር ብሎ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ነው የሚታየው። «ሽፍታ የለም» ከመባሉ በፊት በደንብ ብርሃን ላይ ይታይ።

ሌላም አለ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የሆኑት ስታቲኖች የሚያግዱት ኤችኤምጂሲአር የሚባል ኢንዛይም አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት በዚህ ኢንዛይም ላይ አንቲቦዲ ያመርትና ጡንቻውን ይገድላል። ኤስአርፒ በሚባለው ላይ የሚመረተው አንቲቦዲም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። በ2016 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎች በዚህ ላይ መክረው ነበር። ጡንቻው ከደከመ፣ ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም በደም ውስጥ ከፍ ካለና ከሁለቱ አንቲቦዲዎች አንዱ ከተገኘ ባዮፕሲ ግዴታ አይደለም ብለዋል።

እስከዚህ ተስማምተናል። የቀረውስ? የሚታወቅ አንቲቦዲ ጭራሽ የማይገኝባቸው ብዙ የማዮሳይቲስ ታማሚዎች አሉ። ብዙ አንቲቦዲ በአንድ ወረቀት ላይ የሚፈትሸው መመርመሪያ ደግሞ «ደካማ ፖዘቲቭ» እያለ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ አንቲቦዲ ለአንድ በሽታ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ለምሳሌ ሲኤን1ኤ የሚባለው ዝቅ ብዬ ከማነሳው በሽታ ጋር ይያያዛል። ነገር ግን ሉፐስና ሾግረን የሚባሉት ሌሎች የሰውነት መከላከያ በሽታዎች ባሉባቸው፣ ጡንቻቸው ምንም ባልሆነ ሰዎች ደም ውስጥም ይገኛል። ወረቀቱን ብቻ አይቶ «አለብህ» ማለት አይቻልም።

«ነጭ የደም ሴል ከታየ ስቴሮይድ ይጀመር፤ ሌላው ጊዜ ማባከን ነው»

ዝም እንዳልል ያደረገኝ ይሄ ነው።

ጡንቻ ውስጥ ነጭ የደም ሴል መታየቱ ብግነት መኖሩን ይናገራል። ማን እንዳመጣው አይናገርም። በዘር የሚመጡ የጡንቻ በሽታዎችም ነጭ የደም ሴል ይጠራሉ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ዲስፈርሊን የሚባል ፕሮቲን ሲጎድል የሚመጣው ነው። ዲስፈርሊን የጡንቻ ክር ሽፋን ሲቀደድ የሚጠግን ፕሮቲን ነው። ጂኑ የታወቀው በ1998 ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን የወረሰ ሰው ይህ ጥገና ይጎድለዋል። ክሮቹ እየፈረሱ ሲሄዱ ነጭ የደም ሴሎች ይመጣሉ። ስላይዱ ላይ፣ ማለትም ናሙናው በማይክሮስኮፕ በሚታይበት መስታወት ላይ፣ ያለው ትዕይንት ማዮሳይቲስ ነው ያሰኛል።

ታማሚው ደግሞ ለመሳሳት የተመቸ ነው። ልጅነቱን ምንም ሳይሆን ያሳልፋል። እንዲያውም ጎበዝ ስፖርተኛ የነበሩ ብዙ ናቸው። በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ ውስጥ በእግር ጣቱ መቆም ያቅተዋል፤ ባቱ ይሟሽሻል። ሲኬው ሲለካ ከጤነኛው ሰው በብዙ አስር እጥፍ በልጦ ይገኛል። «ወጣት ነው፣ ቤተሰቡ ውስጥ የታመመ የለም፣ ናሙናው ላይ ብግነት አለ» ይባልና ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ይጀመራል። ዓመታት ይወስዳል። ፊቱ ያብጣል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ ስኳሩ ይጨምራል። ጡንቻው ግን ወፍ የለም። በ2013 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት ዴፍላዛኮርት የሚባለውን ስቴሮይድ ለእነዚህ ታማሚዎች ሰጥቶ፣ ምንም ከሌለው የማስመሰያ ኪኒን ጋር አነጻጽሮ ነበር። ጥቅም አልተገኘም። እንዲያውም መድኃኒቱን ሲወስዱ ጉልበታቸው ወደ መቀነሱ አዘነበለ።

ይህን ሰው ከዓመታት ስቴሮይድ የሚያድነው ያው ጸሐፊው የናቁት ናሙና ነው። ዲስፈርሊንን ለይቶ የሚያሳይ ማቅለሚያ አለ። ጤነኛ ጡንቻ ላይ የእያንዳንዱ ክር ዙሪያ ይደምቃል። እነዚህ ሰዎች ላይ ባዶ ይሆናል። ከዚያ የጂን ምርመራ ያረጋግጠዋል።

የሚገርመው የተገላቢጦሹም መኖሩ ነው። ኤችኤምጂሲአር አንቲቦዲ ያለባቸው፣ ስታቲን ቀምሰው የማያውቁ ልጆችና ወጣቶች አሉ። በሽታቸው ቀስ ብሎ ስለሚሄድና ናሙናቸው ላይ ነጭ የደም ሴል ስለማይበዛ «በዘር የመጣ ነው፤ መድኃኒት የለውም» ተብለው ለዓመታት የተቀመጡ አሉ። እነሱ ደግሞ ሊታከሙ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ አጎትየው። በስልክ ከሚዞር ጽሑፍ ላይ በሽታ አልሰይምም። ግን ጸሐፊው ራሳቸው ያሰፈሩት ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። ከ60 በላይ የሆነ ወንድ። የጭን ፊት ጡንቻ ደክሞ መውደቅ። ዕቃ ከእጅ ማምለጥ። ከዚያም ፕሬድኒሶሎን ተጀምሮ ሲኬው ወረደ፤ ጉልበታቸው ግን አልተመለሰም። ጸሐፊው «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ የቀረው እርጅና ነው» ይላሉ።

አይ፣ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ፣ ባጭሩ አይቢኤም የሚባል በሽታ አለ። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ያለውን ሰው ይይዛል፤ ወንዶች ይበዙበታል። የጭኑን ፊትና ጣት የሚያጥፉትን የክንድ ጡንቻዎች ለይቶ ይበላል። ጠርሙስ መክፈት፣ ቁልፍ ማዞር፣ ጆንያ በጣት አንጠልጥሎ መያዝ ይከብዳል። አንዳንዱ ላይ መዋጥም ያስቸግራል። ናሙናው ላይ ነጭ የደም ሴሎች ያልሞቱ ክሮችን ወርረው ይታያሉ። በዚህ ብቻ ከሄድን ስቴሮይድ ይሠራል ብለን እንጠብቃለን። አይሠራም። በ1995 የታተመ ትንሽ የአሜሪካ ጥናት ጥቂት የአይቢኤም ታማሚዎችን በፕሬድኒሶን ከታከሙ በኋላ ደግሞ ባዮፕሲ አደረገላቸው። ሲኬያቸው ወርዷል። ነጭ የደም ሴሎቹ ቀንሰዋል። ጉልበታቸው ግን ባሰበት። ስለዚህ የሲኬ መውረድ ብቻውን የምሥራች አይደለም።

አይቢኤምን የሚያጋልጠው ያ «ያልተለመደ» የተባለው ነገር ነው። ጎሞሪ ትራይክሮም በሚባለው ማቅለሚያ የጡንቻው ክር አረንጓዴ ሰማያዊ ይሆናል። አንዳንዱ ክር መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው። የቀዳዳውን ዳር ዳር ቀይ ፍርፋሪ ከቦታል። ባለጠርዝ ቀዳዳ እንለዋለን። ፒ62 እና ቲዲፒ43 የሚባሉ ፕሮቲኖችን የሚፈልግ ማቅለሚያ ከተጨመረ ክሩ ውስጥ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ15 እስከ 18 ናኖሜትር የሚወፍሩ ጭረቶች ይታያሉ። ኃይል አመንጪዎቹ ማይቶኮንድሪያ የደከሙባቸው ክሮችም ከዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ ይበዛሉ።

ችግሩ በሽታው ገና ሲጀምር ቀዳዳው ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ የቀረው ትዕይንት ፖሊማዮሳይቲስ ከሚባለው ጋር አንድ ነው። በ2003 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት የ165 ታማሚዎችን መዝገብ እንደገና አየ። ፖሊማዮሳይቲስ ሊባሉ የሚችሉት 9 ብቻ ሆኑ። ከ9ኙ 5ቱ በኋላ ላይ የአይቢኤም ዓይነተኛ ምልክት አሳዩ። ከ1975 ጀምሮ ሐኪሞች ሲጠቀሙበት የኖሩት የድሮው መስፈርት አይቢኤምን ለይቶ አያውቀውም ነበር። ጸሐፊው የሚመክሩን ወደዚያ ዘመን እንድንመለስ ነው።

«ነጭ የደም ሴል ከሌለ ማዮሳይቲስ የለም»

ይሄ አጭር መልስ ነው ያለው፦ ስህተት ነው።

ቅድም ያነሳሁት የኤችኤምጂሲአርና የኤስአርፒ በሽታ ናሙና ላይ ሞተው የሚበሰብሱና እንደገና የሚያድጉ ክሮች እዚህም እዚያም ተበትነው ይታያሉ። ሬሳውን የሚያነሱ ማክሮፋጆች አሉ። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ወይም የሉም። በሽታው ግን ከሁሉም ከባዶቹ አንዱ ነው። ሰውን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ ሕክምናም አለው። «ሴል የለም» ብሎ ወደ ቤት መላክ ትልቅ በደል ነው።

ዴርማቶማዮሳይቲስም ላይ እንዲሁ። የክሮቹ ጥቅል ዳርቻ ላይ ያሉት ብቻ ሟሽሸው ከታዩ፣ ወይም ኤምኤክስኤ የሚባለው ፕሮቲን እነሱ ውስጥ ደምቆ ከወጣ፣ አንድ ነጭ የደም ሴል ባይኖርም ፓቶሎጂስቱ ስሙን ይጠራል። በዚያ ላይ ብግነቱ ጡንቻውን ሁሉ እኩል አይይዝም። አንድ ሳንቲሜትር የማይሞላ ቁራጭ የተወሰደበት ቦታ ደህና ሆኖ፣ ሁለት ጣት አለፍ ብሎ ያለው ሊታመም ይችላል። ስቴሮይድ ለሳምንታት ተወስዶ ከሆነም ሴሎቹ ጠፍተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው ኤምአርአይ ላይ ውሃ የቋጠረውን ጡንቻ አይቶ ከዚያ መውሰድ የተሻለ የሚሆነው።

«ያልተለመደ ከተባለ ላቦራቶሪው አበላሽቶታል»

እውነቱን ለመናገር ላቦራቶሪም ያበላሻል። እንዴት እንደሚያበላሽ ልንገራችሁ።

የጡንቻ ናሙና እንደ ሌላው ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ብቻ አይመጣም። ዋናው ቁራጭ በጨው ውሃ በረጠበ የቁስል ጨርቅ (ጋዝ) ተጠቅልሎ፣ በበረዶ ላይ፣ ቶሎ መድረስ አለበት። ርጥብ ማለት የተጨመቀ ማለት ነው። አንዳንዴ ግን ቁራጩ የጨው ውሃ ውስጥ እየዋኘ ይመጣል። ያን ጊዜ ሆዴ ይረበሻል። ውሃ ጠጥቷል። እኔ ደግሞ አይሶፔንቴን የሚባል ፈሳሽ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ 160 ዲግሪ ከዜሮ በታች አወርድና ቁራጩን እዚያ ውስጥ እነክራለሁ። በቅጽበት በረዶ ሆኖ መድረቅ አለበት። ናሙናው ውሃ ካለው ወይም ፈሳሹ በበቂ ካልቀዘቀዘ በክሮቹ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቱ ሲሟሟ ቀዳዳ ይቀራል። ስላይዱን ስታዩት የእንጀራ ዓይን ነው። ያልለመደ ሰው «ቀዳዳ አለ፤ በሽታ ነው» ሊል ይችላል።

ሌላም ስህተት አለ። የነርቭና የጡንቻ መርፌ ምርመራ የተደረገበትን ቦታ እንደገና ቆርጦ መላክ የተለመደ ነው። መርፌው ራሱ ክር ይገድላል፤ ብግነትም ያመጣል። የሚሻለው መርፌውን በአንድ ጎን፣ ባዮፕሲውን በሌላው ጎን ማድረግ ነው። ጨርሶ ሟሽሾ ወደ ስብ ከተለወጠ ጡንቻ መውሰድም ትርፉ ድካም ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ኖሮ አብሬያቸው እጮህ ነበር። ግን የበረዶ ቀዳዳና ባለጠርዝ ቀዳዳ ለለመደ ዓይን አይምታቱም። የበረዶው ቀዳዳ ጠርዝ የለውም፤ አንዱን ክር ለይቶ ሳይሆን አካባቢውን በሙሉ ነው የሚበሳው። ፓቶሎጂስቱ ናሙናው ተበላሽቶ ከሆነ «ተበላሽቷል» ብሎ ነው የሚጽፈው። «ያልተለመደ» ብሎ ሲጽፍ ያየው ነገር አለ። የዚያ ነገር ዝርዝር ሰፊ ነው፤ ጥቂቱን ላንሳ።

የጥቅሉ ዳርቻ ላይ ያሉት ክሮች መሟሸሽ ብቻ ሳይሆን ሞተው ከታዩ አንቲሲንቴቴዝ የሚባለው በሽታ ይጠረጠራል። ይህ ሳንባን የሚያጠቃ ነው። ስለዚህ የጭን ናሙና አይቶ ደረት ሲቲ ስካን የሚያዝ ሐኪም አላበደም።

ግራኑሎማ ማለትም ክብ ሠርተው የተሰበሰቡ ሴሎች ከታዩ ሳርኮይዶሲስ የሚባል የብግነት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አይቢኤምም አብሮት ሊኖር ይችላል። ጡንቻ ላይ ብዙ ባይከሰትም ቲቢም አለ። ቲቢ በብዛት ካለበት እንደ ኢትዮጵያ ካለ አገር የመጣ ሰው ላይ ይህ ሳይጣራ ከፍተኛ ስቴሮይድ መጀመር በእሳት መጫወት ነው።

ጥገኛ ትልም አለ። ትሪኪኔላ በደንብ ካልበሰለ የአሳማ ወይም የዱር እንስሳ ሥጋ ይመጣል፤ እጩ ጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ክትፎና ቁርጥ የምትወዱ እንዳትደነግጡ። የከብት ሥጋው የኮሶ ትል አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እጩ የሰው ጡንቻ ላይ አይቀመጥም። ጡንቻና አንጎል ውስጥ የሚቀመጠው የአሳማው ነው፤ እሱም የሚመጣው ከሰው ዓይነ ምድር የወጣው እንቁላል በምግብ ወይም በውሃ ሲዋጥ ነው።

መድኃኒትም ቀዳዳ ይሠራል። ለሉፐስና ለቆዳ ሽፍታ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲን ክሩ ውስጥ ቀዳዳ ያመጣሉ። ማዮሳይቲስ ያለበት ሰው በሽታው ባሰበት ተብሎ መድኃኒት ሲጨመርለት፣ የደከመው በመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚለየው ስላይዱ ነው።

ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት አንድ ነገርም አለ። «አንዳንድ ናሙና ውስጥ የክትባት አሉሚኒየም ይገኛል፤ በሽታውን ያመጣው እሱ ነው» ይላሉ። አሉሚኒየሙ እውነት ነው። በ1998 የፈረንሳይ ሐኪሞች ከትከሻ በተወሰደ ናሙና ላይ የተሰበሰቡ ማክሮፋጆችን ገልጸዋል፤ የዋጡት አሉሚኒየም መሆኑ በኋላ ታወቀ። ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ግን ትከሻ የተገኙት ክትባት የሚወጋው ትከሻ ላይ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ደኅንነት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ፣ ከተለየ በሽታ ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ አላገኘም። ያ ናሙና የሚናገረው ሰውየው እዚያ ቦታ ላይ መከተቡን ነው።

«ሁለተኛ አትቆረጡ»

ብዙ ጊዜ ሁለተኛ መቆረጥ ላያስፈልግ ይችላል። ግን ጸሐፊው ባሉት ምክንያት አይደለም። የቀዘቀዘው ቁራጭ በትክክል ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ከእሱ ላይ አዲስ ስላይድ ተቆርጦ በሌላ ማቅለሚያ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አጎትዎን የሚያክመውን ሐኪም ይጠይቁ፦ የቀዘቀዘ ቁራጭ ተርፏል? ፒ62 ተሠርቶበታል? «ያልተለመደ» የተባለው ነገር ራሱ ምንድን ነው? ጣቶቻቸውን ጨብጠው ሲይዙ ጉልበታቸው ተለክቷል? ስላይዱን የጡንቻ በሽታ የሚያይ ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው መላክ ይቻላል? ቁራጩ ካልተረፈ ወይም የተወሰደው ፎርማሊን ውስጥ ብቻ ገብቶ ከሆነ፣ ያኔ ሁለተኛ ባዮፕሲ በደንብ ከተመረጠ ጡንቻ ላይ ቢደረግ ይሻላል።

ይህን አንብቦ ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ቀን የሚያቆም ሰው እንዳይኖር አደራ። ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል፤ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል ማምረት አቁሞ ሊሆን ይችላል። መቀነስ ካለበት ሐኪሙ ባለው መጠን፣ ቀስ በቀስ ነው።